152 ፈረስ በጣና ዳር

ሐሙስ፣ ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 2015 ዓ.ም.

ሞተሩ ከአዲስ አበባ የመጣው አይሱዙ ላይ ተጭኖ ነው። ነድቼው ብመጣ ደስ ባለኝ ነበር። ግን 550 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ያውም የአባይ በረሃን ቁልቁለትና ዳገት ጨምሮ፣ ገና ላልተላመዱት ሞተር ይበዛል። ስለዚህ በሁለት ፍራሽ መሐል አቁመን፣ ግራና ቀኙን በገመድ ወጥረን ላክነው። እኔ በአውቶቡስ ቀድሜ ገባሁ።

ማውረዱ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ታንከሩ ሲሞላ ክብደቱ 226 ኪሎ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ከሚርመሰመሱት ባለ 125 ሞተሮች ሁለቱን አንድ ላይ ቢመዝኗቸው ነው እዚህ የሚደርሱት። የአይሱዙው ረዳት ጣውላ አምጥቶ ዘረጋ። አንዱ ፍሬኑን ይዞ፣ ሁለቱ ከኋላ ወደ ኋላ እየጎተቱ፣ እኔ ከጎን ደግፌ፣ "ቀስ! ቀስ! ያዘው!" እየተባለ ወረደ። የፊት ጎማው መሬት ሲነካ የሰፈሩ ልጆች አጨበጨቡ።

ሞተር ጠጋኙ ጎረቤቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ዙሪያውን አየው። ጎንበስ አለ። ቀና አለ።

"መርገጫው የታል?"

"መርገጫ የለውም። በአዝራር ነው የሚነሳው።"

"ባትሪው የሞተ ለታስ?"

"ትገፋዋለሃ።"

"226 ኪሎ? እዚያው ባለቤቱ ይግፋው!"

ለማያውቀው ሰው፣ ሞተሩ ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-ኤስ 1000 ጂቲ ይባላል። ኩባንያው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው ያስተዋወቀው። ስፖርት ቱሪንግ ከሚባለው ወገን ነው። ጉልበቱ የፈጣን ሞተር ነው፣ አቀማመጡ ደግሞ የሩቅ መንገደኛ። አራት ሲሊንደር፣ 999 ሲሲ። የሞተሩ ዘር ከ2005ቱ (እ.ኤ.አ.) ጂኤስኤክስ-አር 1000 ይመዘዛል፤ እሱ ደግሞ ለውድድር ሜዳ የተሠራ ነበር። እኔ የገዛሁት የሥራ ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ሰው ነው። ሰውዬው ብዙም አልነዳውም። ጎማው ሲመረት የሚቀሩት ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉሮች ገና አላለቁም።

በወረቀት ላይ 152 የፈረስ ጉልበት አለው። "በወረቀት ላይ" ያልኩት በምክንያት ነው። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። ጣና ደግሞ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነው። እዚህ አየሩ ሳሳ ይላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል። ስናሰላው ባሕር ዳር ላይ የሚቀረን ወደ 125 ፈረስ ነው። የቀሩት ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርተዋል።

የድሮ የካርቡራተር ሞተር ቢሆን ደጋ ሲወጣ ቤንዚኑ በዝቶበት ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር። ይኼኛው የአየሩን ግፊት በሴንሰር እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል። ስለዚህ አያስልም፣ አያጉረመርምም። ዝም ብሎ ትንሽ ይደክማል። ለእኔ 125ቱም ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚህ በፊት ከነዳሁት ሞተር ሁሉ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ወደ ማታ ላይ አስነሳሁት። ድምፁ ከጠበቅኩት ዝቅ ያለ ነው። ፍሪሲዮኑ በሁለት ጣት ይያዛል። ስለቀው ኮምፒውተሩ ዙሩን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ እንዳይጠፋብኝ። ከጊዮርጊስ ተነስቼ በዘንባባው ጎዳና ቀስ ብዬ ወደ አባይ ድልድይ ሄድኩ። ባጃጆቹ በግራም በቀኝም ከበቡኝ። አንዱ ባለ ባጃጅ አንገቱን አውጥቶ "እሽቅድድም እንግጠም?" አለኝ። ገጠምንና አሸነፈኝ። እውነቴን ነው። በባጃጆች መካከል መሽሎክለክ የባጃጅ ሙያ ነው፣ የእኔ ሞተር ደግሞ ትከሻው ሰፊ ነው።

አባይ ድልድይ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመ። ከጎን አዲሱ ባለ 380 ሜትር ድልድይ ያኔ ገና በግንባታ ላይ ነበር። እዚያ ቆሜ ነው የሞተሩን አንድ ጠባይ ያወቅኩት። ቬንትሌተሩ ሲነሳ የራዲያተሩን ሙቀት በሙሉ ቁርጭምጭሚትና ቅልጥም ላይ ያራግፈዋል። ለጥቅምት ማታ አይከፋም። ሚያዝያ ላይ ግን እንተያያለን።

ዓርብ፣ ሰልፍ

የዛሬው ጉዞ ከቤቴ እስከ ማደያ ነው። ጠዋት ተሰለፍኩ፣ ቀትር ላይ ቀዳሁ።

ሰልፍ ላይ 226 ኪሎ ሌላ ትርጉም አለው። ሰልፉ አንድ ሜትር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ማስነሳት አይቻልም፤ መግፋት ነው። ባለ 125ዎቹ ሞተራቸውን በአንድ እጅ እየገፉ በሌላው ስልክ ያወራሉ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ደግነቱ ሰው ይሰበሰባል። ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ የሚገፋ አይጠፋም። ጥያቄው ግን ያው አንድ ነው፤ ስንት ይሄዳል? ትልቁም ትንሹም፣ ፖሊሱም፣ ማስቲካ ሻጩም ይጠይቃል። መልስ ሰልችቶኝ "እስከ ማደያው ድረስ" ማለት ጀመርኩ።

ስንት እንደሚሄድ ሳይሆን ስንት እንደሚጠጣ ነው እኔን ያሳሰበኝ። ታንከሩ 19 ሊትር ይይዛል። በመቶ ኪሎ ሜትር ስድስት ሊትር ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ በአንድ ሙሌት 300 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ለእንጅባራ ደርሶ መልስ ይበቃል። ጎንደር ደርሶ መልስ ግን ወደ 360 ኪሎ ሜትር ነው፣ አይበቃም። ጎንደር ደግሞ ሰልፍ ካለ? ሻንጣው ውስጥ ጄሪካን ለመያዝ አሰብኩና ተውኩት። ቤንዚን ጭኖ ከኋላ ሚስትን ማስቀመጥ ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

ቅዳሜ፣ እንጅባራ

በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለካ ለሞተረኛም ነው። ከቤት ስወጣ ጣቴ በጓንት ውስጥ ደነዘዘ። ሁለት ሹራብ፣ አንድ ጃኬት፣ ከውስጥ ጋዜጣ ደረቴ ላይ። ጋዜጣውን ያስተማሩኝ የድሮ ሹፌሮች ናቸው። ነፋስ አያስገባም።

ከተማው ሲያልቅ መሸንቲ፣ ከዚያ መራዊ። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ግን የሕዝብ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ገበያተኛው ገና በጠዋት ጠርዙን ይዞ ይጎርፋል። አህያ፣ በግ፣ ዶሮ ጭንቅላቷን ቁልቁል የተንጠለጠለች። ከሁሉም የሚያስፈራኝ የባሕር ዛፍ አጣና በትከሻው የተሸከመ ሰው ነው። ወደፊት ሲሄድ ምንም አይደለም። የሞተር ድምፅ ሰምቶ ዞር ሲል ግን አጣናው አብሮት ይዞራል። ያኔ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘጋ ማለት ነው።

መራዊ ሳልደርስ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ገጠመኝ። በሦስተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ስቀርብ ዞረ። ሁለቱንም ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩ አፍንጫውን ትንሽ ደፋ አደረገና እንደ ጨዋ ልጅ ቆመ። መንሸራተት የለ፣ መወላገድ የለ። የፍሬኑ መያዣ ከጣቴ ስር በትንሹ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ተሰማኝ፤ ጎማው እንዳይቆለፍ ኤቢኤሱ ሥራውን እየሠራ ነው። የአጣናው ጫፍ ከፊት መስታወቱ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ነበር። ሰውዬው "እግዜር ያውጣህ ወንድሜ!" ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ስለዚህ ሞተር ብዙ የሚወራው ስለ ጉልበቱ ነው። እኔ ግን እዚያ ቦታ ላይ ገንዘቤን የከፈልኩት ለፍሬኑ እንደሆነ ቆጥሬዋለሁ።

ጉልበቱም የሚገለጠው ብዙዎች በሚያስቡት ቦታ አይደለም። ሙሉ ጉልበቱ የሚወጣበት 11,000 ዙር ላይ ደርሼ አላውቅም፣ ለመድረስም አላሰብኩም። እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው ባዶ መንገድ ጎጃም ውስጥ የለም። የሚጠቅመኝ የታችኛው ግማሽ ነው። የዚህ ሞተር ፒስተን ከእኩዮቹ ረዘም ያለ መንገድ ይመላለሳል፣ 59 ሚሊ ሜትር። በዝቅተኛ ዙር ጠንከር ብሎ የሚጎትተው በዚህ ምክንያት ነው። ከሰል እስከ ሰማይ የጫነ አይሱዙ ከፊት በ40 እየተንፏቀቀ ነው እንበል። ባለ 125 ሞተር ላይ ይህን ለማለፍ ማርሽ ቀንሶ፣ ጋዝ ጨብጦ፣ ጸሎት አድርጎ ነው። እዚህ ማርሽ መቀየር እንኳ አያስፈልግም። እጅን ትንሽ ማዞር ነው። አይሱዙው ከጎንህ ነበር፤ አሁን መስታወት ውስጥ ነው።

ችግሩ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው። በየከተማው መግቢያ አለ፣ መውጫውም ላይ አለ፣ መሐሉም አይቀርለትም። አንዳንዱ በሕግ የተሠራ ነው። አንዳንዱ መንደሩ ተሰብስቦ የቆለለው ይመስላል። የሞተሩ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያውም ማርሚታው እዚያው ሆዱ ስር ነው ያለው። ዱርቤቴ ላይ አንዱን ጉብታ በሰያፍ፣ በእግር ፍጥነት ተሻገርኩት። ባጃጆቹ ከኋላዬ ጥሩምባ ነፉብኝ። ይንፉ።

ከዳንግላ በኋላ አገሩ ይቀየራል። መንገዱ ይወጣል፣ ይጠማዘዛል፣ ሰዉም ይሳሳል። ግራና ቀኝ ለከሰል የተተከለው ዲከረንስ ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ጥላውን አስፋልቱ ላይ ይጥላል። ሞተሩ እዚህ ላይ ደስ አለው። እኔም። ኩርባውን ቀድመህ ታየዋለህ፣ ሰውነትህን ትንሽ ታዘነብላለህ፣ እሱ ደግሞ ራሱ ይጨርሰዋል። ፍሪሲዮን ሳትነካ ማርሽ ወደ ላይም ወደ ታችም ይገባል። መጀመሪያ ላይ አላመንኩትም፤ እጄ በልማድ ፍሪሲዮኑን ይፈልጋል። ከዳንግላ እስከ አዲስ ቅዳም ድረስ እጄን ተከራከርኩት። ከዚያ በኋላ ተስማማን።

እንጅባራ ስገባ መንገድ ዳር የቀርቀሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሯል። ብርዱ ይቆርጣል። ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚህ ፈረሶቼ አሁን ወደ 114 ወርደዋል። እንዲያም ሆኖ ልዩነቱን የማውቀው ስለማሰላው እንጂ ስለሚሰማኝ አይደለም። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ካለው ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ አቆምኩና ሻይ ፈለግሁ።

እዚያ ነው ሰውዬውን ያገኘኋቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ዳማ ፈረስ ላይ ተቀምጠዋል። የፈረሱ ግንባር ላይ ቀይ ጥለት ያለው ጌጥ ተንጠልጥሏል። አዊ የፈረስ አገር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ በዓሉም በየዓመቱ ጥር 23 ይከበራል። እንግዲህ በፈረስ ጉዳይ እዚህ ቀልድ የለም። ሞተሩን ከላይ ሆነው ቃኙት።

"እንዴት ዋልክ ልጄ። ይኼ ምንድን ነው?"

"ሞተር ነው አባባ።"

"ሞተርማ አውቃለሁ። ስንት ፈረስ ነው?"

"152።"

ሳቁ። ፈረሳቸውም ጆሮውን አቆመ።

"ለ152 ፈረስ ስንት ቁና ገብስ ትሰጣለህ?"

"በመቶ ኪሎ ሜትር ስድስት ሊትር ቤንዚን ነው የሚበላው።"

"ከሰርግ ቤት ጠጥተህ ብትመጣ፣ ላዩ ላይ ብታንቀላፋ፣ ቤትህ ያደርስሃል?"

"አያደርሰኝም አባባ። ይጥለኛል።"

"የኔው ያደርሰኛል።" የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረጉ። "አንዱ ይበቃል።"

ምን ይባላል? ሻዬን ጠጥቼ ተነሳሁ።

መልሱ ጉዞ ቁልቁለት ይበዛዋል። ጋዝ ስለቅ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፣ ፍሬን ብዙም አላስፈለገኝም። ያደከመኝ ነፋሱ ነው። የፊት መስታወቱ አጭር ነው፣ በእጅም ከፍ ዝቅ አይልም። ደረትን ይከልላል፣ ትከሻና የራስ ቁርን ግን ለነፋሱ ይተወዋል። ረዘም ያለ መስታወት ማዘዝ የግድ ነው። አንገቴ ቤት ስገባ ደንድኖ ነበር። ወገቤ ግን ደህና ነው። ይኼ ለኔ ዕድሜ ትልቅ ዜና ነው።

እሑድ፣ ዘጌ

ከቅዳሴ መልስ ሞተሩን ወደ ዘጌ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ ሞከርኩት። ሆን ብዬ ነው። አስፋልት ያለቀበት ቦታ ላይ ምን እንደሚሆን ማወቅ ነበረብኝ።

ሦስት የአነዳድ ምርጫዎች አሉት፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ። ሲ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጋዙም ይለዝባል። ሲ ላይ አድርጌ ገባሁ። የኋላ ጎማው በጠጠሩ ላይ ሊሽከረከር ሲል ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ትንሽ ማንገራገር ይሰማል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ፍሬን ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጠጠር ላይ ኤቢኤስ ሲሠራ ሞተሩ ቶሎ አይቆምም፣ ይንሸራሸራል። የፊት ጎማው ደግሞ ለስላሳ ጥርስ ያለው የአስፋልት ጎማ ነው። ትንሽ ከሄድኩ በኋላ አንድ ልጅ በብስክሌት ደረሰብኝ። ሰላምታ ሰጥቶኝ አለፈ። መልሴን ስላገኘሁ ዞርኩ።

ስለዚህ ዘጌ በጀልባ ሆነ። ሞተሩን ወደቡ አጠገብ አቁሜ ለጠባቂው አደራ አልኩት። ጀልባው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደርሼ፣ የዘጌን ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። ስለ ዘጌ ገዳማት ብዙ ተጽፏል። የእኔ ሐሳብ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ወደቡ ላይ ነበር።

ስመለስ ጠባቂው ሞተሩ ላይ ሕፃን አስቀምጦ ፎቶ እያስነሳ ነው። ወረፋ ነበረው። የከፈለ ካለ አልጠየቅኩም።

ማታ ካቴናውን አጠብኩ። የእንጅባራና የዘጌ አቧራ ከቅባቱ ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር ሊጥ ሆኗል። ሞተር ጠጋኙ ቤንዚን ይዞ መጣ፤ ባለ 125ዎቹን የሚያጥበው በእሱ ነው። አይሆንም አልኩት። የዚህ ካቴና መገጣጠሚያዎች ውስጥ ትንንሽ የላስቲክ ቀለበቶች አሉ፤ ውስጡ ያለውን ግሪስ አፍነው የሚይዙ እነሱ ናቸው። ቤንዚን ያደርቃቸዋል። በላምባና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ በአንድ። በካቴና ፋንታ ካርዳን፣ ማለትም የብረት ዘንግ ያላቸው የጉዞ ሞተሮች ይህ ጣጣ የለባቸውም። እኛ አገር አቧራ ውስጥ ያንን ያስመኛል።

ሰኞ፣ ጎንደር

ባለቤቴ "እኔ የማልሄድበት ሞተር ቤት ውስጥ አይቀመጥም" ብላ ነበር። የራስ ቁሯን አጥልቃ ከኋላ ወጣች። ወጣች ያልኩት ስለሆነ ነው፤ የኋላው መቀመጫ ከፍ ያለ ነው። መያዣ ግራና ቀኝ አለው።

ከባሕር ዳር እስከ ሐሙሲት ዝም አለች። ሐሙሲት ላይ ሻይ ስንጠጣ "ታዲያስ?" አልኳት።

"ፎቅ ላይ ሆኜ መንገዱን እንደማየት ነው። ግን ፍሬን ስትይዝ የራስ ቁሬ ያንተን ይገጨዋል።"

"ማርሽ ስቀይርስ?"

"ትቀይራለህ እንዴ? አላወቅሁም።"

ይህን ከየትኛውም የመጽሔት ግምገማ ይበልጥ አምነዋለሁ። በፍሪሲዮን የሚቀየር ማርሽ ከኋላ የተቀመጠን ሰው ወደፊትና ወደኋላ ይነቀንቀዋል። እሷ ሳታውቀው ስድስቱም ማርሽ ሲገባና ሲወጣ ነበር። የፍሬኑን ነገር ግን ልብ አልኩ። ከዚያ በኋላ የኋላውን ፍሬን ቀድሜ፣ የፊቱን ቀስ ብዬ መያዝ ጀመርኩ። ግጭቱ ቀረ።

ከሐሙሲት እስከ ወረታ ፎገራ ነው። ሜዳ፣ ሜዳ፣ አሁንም ሜዳ። በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ ዛሬ አገሩን ሸፍኖታል። ጥቅምት ላይ ፍሬው ቢጫ መምታት ይጀምራል። የጉማራንና የርብን ድልድይ ተሻገርን። መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ እጅ ይፈታተናል። አልፈተንኩም። የፎገራ ከብት ሰፊ ነው፣ ኩሩም ነው። መንገድ መሐል ቆሞ ጥሩምባ ቢነፉለት ዞር ብሎ አያይም። በክሩዝ ኮንትሮል 80 ላይ አስሬ ቀኝ እጄን አሳረፍኩ። ሞተሩ በስድስተኛ ማርሽ ትንፋሹም አይሰማም። ኩባንያው ይህን ሞተር ሲሠራ ምን መንገድ እንዳሰበ አላውቅም። ፎገራን ግን ሳያስበው አግኝቶታል።

ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ቱሪስቶቹ የእግዜር ጣት የሚሏትን ቀጥ ያለች ድንጋይ አልፈን፣ ከኩርባ ወደ ኩርባ። ሁለት ሰው፣ ሻንጣ፣ ሳሳ ያለ አየር። ባለ ትልቁ አውቶቡስ እንኳ እዚህ በአንደኛ ማርሽ ያጓራል። ሞተሩ ሦስተኛ ላይ ሆኖ ምንም እንዳልተጫነ ወጣው። እዚህ ላይ ብቻ፣ አንድ ረጅምና ባዶ ዳገት ላይ፣ ጋዙን ትንሽ ከፈትኩለት። ድምፁ ተቀየረ። ከታች የሚጎረብጠው ጠፍቶ ጥርት ያለ ጩኸት ሆነ። የባለቤቴ እጆች ወገቤን ጨበጡ። ዘጋሁት።

"ምን ነበር እሱ?" አለችኝ ማክሰኝት ላይ።

"የቀሩት ፈረሶች ናቸው።"

"ይቅሩ።"

ጎንደር የገባነው ለምሳ ነው። ፋሲልን ስንት ጊዜ ያየነው ነው፤ ከሰዓት በኋላውን ዘመድ ስንጠይቅ ዋልን። ሞተሩ ሆቴሉ ግቢ አደረ። ጠዋት መቀመጫው ላይ የድመት እግር አሻራ ነበር።

ማክሰኞ፣ መመለሻ

ጎንደር ላይ ቤንዚን በሩብ ሰዓት ቀዳሁ። ይህን እዚህ የምጽፈው የሚያምነኝ ስለሌለ ነው።

አዲስ ዘመን ልንደርስ ስንል የኋላው ጎማ ደከመኝ አለ። ኩርባ ላይ ከኋላ መዋኘት ነገር። ከተማ ገብተን ጎሚስታ ጋ ቆምን። ጎማው ላይ የበቅሎ ጫማ ሚስማር ተሰክቷል። ጎሚስታው የጎማውን ስፋት በስንዝሩ ለካ። 190 ሚሊ ሜትር።

"ይኼ የመኪና ነው።"

"የሞተር ነው።"

"እንዲህ ያለ ጎማ የለኝም። መፍቻውም የለኝም።"

መፍታት እንደማያስፈልግ ነገርኩት። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ነው። ከሻንጣዬ የመጠገኛ ዕቃ አወጣሁ። ሚስማሩን በፒንሳ ነቀለው። "ፍስስስ" አለ። ቀዳዳውን በወስፌ አሰፋ፣ ማጣበቂያ የተቀባውን የላስቲክ ገመድ በመርፌው አስገብቶ መርፌውን ነቀለ። ትርፉን በምላጭ ቆረጠው። ምራቁን እንትፍ ብሎበት አየ። አረፋ የለም። እጁ ከኔ እጅ ይሻላል፣ ብዙ የባጃጅ ጎማ አይቷል። ክርክሩ የመጣው ነፋስ ላይ ነው።

"ስንት ልንፋው?"

"42።"

"ለሞተር? ኧረ ይፈነዳል! የሞተር 30 ነው፣ ቢበዛ 32።"

"ፊቱ 36፣ ኋላው 42። ካቴናው መሸፈኛ ላይ ተጽፏል፣ እይ።"

አየ። አላመነም። ነፋው፣ ግን ልጆቹን ራቁ አላቸው። እሱም በተዘረጋ እጅ ነው የነፋው። 42 ሲደርስ ለትንሽ ጊዜ ጠበቀና "እሺ፣ ያንተ ጉዳይ ነው" ብሎ ቆቡን አጠበቀው።

ከዚያ ወዲያ እስከ ወረታ በ60 ሄድኩ፣ ወረታ ላይ ለካሁት፣ አልወረደም። ፎገራ ላይ ከብት ወደ ቤት የሚገባበት ሰዓት ደረሰብን። አሥር ጊዜ ቆምን። ቬንትሌተሩ ቅልጥማችንን ጠበሰን። ባለቤቴ ከኋላ ሆና ለእረኞቹ ሰላምታ ስትሰጥ ነበር፣ የከንቲባ ጉብኝት ይመስላል። ሐሙሲት ላይ ጨለመ። የፊት መብራቱ ጥሩ ነው፣ ግን ከፊት የሚመጣው ሲኖትራክ ረጅሙን መብራት አይቀንስልህም። እዚህ ላይ የትኛውም ሞተር አይረዳም።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ወርዳ ወገቧን አሳሳበች።

"ደብረ ታቦር እህቴ ጋ እንሂድ፣ ለገና" አለች። "ግን መቀመጫው ላይ ስፖንጅ አስጨምርበት።"

ስፖንጁ ቀላል ነው፤ ቀበሌያችን ያለው ኮርቻ ሰፊ ይሠራዋል። የፊት መስታወቱንና ለሆዱ የብረት መከላከያ አዲስ አበባ ላለ ሰው አዝዣለሁ። የቸገረው የኋላ ጎማው ነው። የተጠገነ ጎማ በዚህ ክብደት ረጅም መንገድ አያስተማምንም፣ 190 ጎማ ደግሞ ባሕር ዳር የሚሸጥ የለም። ሞተር ጠጋኙ ስልክ ሲደውል አምሽቶ አንድ አዲስ አበባ አገኘ። ዋጋውን ሲነግረኝ ስልኩን አፍኖ ነው። "በዚህ ብር ፈረስ ትገዛለህ" አለኝ፤ የዘንገናውን ሰውዬ ጨዋታ ግን አልነገርኩትም ነበር። አዘዝኩት። እስኪመጣ ድረስ በየጠዋቱ 42 መሆኑን እያየሁ ከተማ ውስጥ ብቻ ነው የምነዳው፣ ባጃጁም ማሸነፉን ይቀጥላል።